ከመዝገብ የቀረችው

ታረቀኝ ለተወካዮች ምክር ቤት ሊወዳደር መሆኑን ሙሉካ የሰማችው እሑድ ዕለት ነው። ጸሎት አልቆ ሰዉ ደጃፍ ላይ ሰላም ይባባል ነበር። አንዲት ጎረቤታቸው "ጋሽ ታረቀኝ እኮ ፓርላማ ሊገባልን ነው" አለች፤ ሌሎቹም "እሰይ" አሉ። ሙሉካ የእናቷን ክንድ ይዛ ነበር። ምን ያህል እንደጨመቀችው ያወቀችው እናቷ "ኧረ አመመኝ ልጄ" ስትል ነው።

ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያኔ ታረቀኝ ከጪጩ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ቀበሌያቸው ሊቀመንበር ነበር። አዲስ መንገድ ሊቆረጥ ነው ተብሎ ሕዝቡ ተሰበሰበ። በዕቅዱ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ቆይቶ የሊቀመንበሩ ወንድም አጥር ጋ ሲደርስ ይታጠፍና የሙሉካን አባት የአቶ ፈለቀን ቡናና እንሰት መሀል ለመሀል ይሰነጥቃል። አቶ ፈለቀ ሰው ፊት ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። የዚያን ቀን ግን እጃቸውን አወጡ፣ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁና "መንገዱ እዚያ ጋ ምን አይቶ ነው የታጠፈው?" ብለው ጠየቁ። ሌላ ምንም አላሉም።

"ይህን ሰውዬ አውጡልኝ" አለ ታረቀኝ፣ ከያዘው ወረቀት ቀና ሳይል።

ሁለት ታጣቂዎች አቶ ፈለቀን በኮታቸው ኮሌታ ይዘው በሣሩ ላይ ጎተቷቸው። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬቱን አጭቅይቶት ነበር። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ ቀረ። ጫማውን ለማንሣት ሲንፈራገጡ ሰው ሳቀ። ከሳቁት የሚበዙት አጥሩ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ነበሩ። ሙሉካ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አልሳቀችም፤ ግን አልተነሣችምም። አቀርቅራ ጭቃውን ስታይ አለፈ።

አቶ ፈለቀ "ልማት አደናቅፈዋል" ተብለው አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ሲፈቱ ጤነኛ ነበሩ። ይበላሉ፣ ቡናቸውን ይኮተኩታሉ። መናገር ብቻ ተዉ። ሽማግሌዎቹ በሸንጓቸው በሶንጎ ተቀምጠው የሰው ጉዳይ ሲያዩ አስጠሯቸው፤ "እኔ ምን አውቃለሁ" ብለው ቀሩ። ጸሎት ቤት መዝሙር የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ፤ እሱንም ተዉት። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሙሉካ ግን ማን እንደገደላቸው ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ይዛ ዲላ ሄደች። አንድ ማኅበር ወጣቱን የምርጫ ካርድ እንዲያወጣና እንዲመርጥ የሚቀሰቅሱ በጎ ፈቃደኞች እየፈለገ መሆኑን ሰምታ ነበር። አስተባባሪው ደግነት የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰማያዊ ሰደርያና የድምፅ ማጉያ ከመስጠቱ በፊት አስፈረማት።

"እከሌን ምረጡ አትዪም፤ እከሌን አትምረጡም አትዪም። ካርድ አውጡ፣ ቀኑ ሲደርስ ውጡና ድምፅ ስጡ። ሥራሽ እዚያ ላይ ያበቃል። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።"

በደንብ ገብቷታል። መንገድ ላይ አስባ ጨርሳዋለች። ትልልቁ ሰው ታረቀኝን ይፈራዋል ወይም ለምዶታል፤ መምረጡ አይቀርም። ወጣቱ አይወደውም፤ ግን ካርድም አያወጣም። ስለዚህ የማንንም ስም መጥራት አያስፈልጋትም። ወጣቱን ከተቀመጠበት ማስነሣት ይበቃታል።

የመጀመሪያው ሳምንት በከንቱ ሄደ። በማጉያው ስትጮህ ልጆች እየሳቁ ይከተሏታል፤ እሷ የምትፈልጋቸው ደግሞ ጀርባቸውን ይሰጧታል። በጪጩ ገበያ መሀል ታረቀኝን ያገኘችው በዚያው ሳምንት ነው። ሰደርያዋን አይቶ እየሳቀ እጇን ጨበጠ። አላወቃትም።

"በርቺ ልጄ። ግን ምነው በወጣት ደከምሽ? ወጣቱ ለኳስ ካልሆነ አይነሣም። እኔማ እንደሌለ ነው የምቆጥረው።"

"እሺ ጋሼ" አለች ሙሉካ። እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች ሄደች።

በማግስቱ ማጉያውን ቤት ትታ ፑል ቤት ገባች። ሞተረኞቹ ሳምሶንን ከበው ይጫወታሉ። ሳምሶንን ታውቀዋለች። ያኔ አጥሩ ላይ ሆኖ ሲስቅ ያየችው ጥርሱ እስካሁን ከዓይኗ አልጠፋም።

"ካርድ ባወጣ ምን አገኛለሁ?" አለ ሳምሶን፣ ዓይኑን ከኳሷ ሳያነሣ።

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ባለፈው ወር ሞተርህን ይዘውብህ አልነበር? ማን ጋ ሄደህ አመለከትክ?"

"ማን ይሰማኛል ብዬ!"

"እኔስ ምን አልኩ? እንደሌለ ሰው ነው የሚቆጥሩህ። አንድ እጩ ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'ወጣቱ ለኳስ ካልሆነ አይነሣም፤ እንደሌለ ነው የምቆጥረው' ብሎኛል።"

የፑሉ ኳስ ድምፅ ቆመ። "ማነው እሱ?" አለ ሳምሶን።

"ስም አልጠራም። ፈርሜያለሁ።"

"ታረቀኝ ነዋ! ሌላ ማን እንዲህ ይላል?" አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም ወደ ሙሉካ ዞሩ። ዝም ማለቷ ስም ከመጥራት እንደማይለይ ታውቅ ነበር። ዝም አለች።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሆነው መጡ። በሦስተኛው ቀን ሳምሶን ራሱ ሰው በሞተሩ እየጫነ ወደ ምዝገባ ጣቢያው ያመላልስ ጀመር። ሙሉካ አቮካዶ የሚሸጡትን ሴቶች፣ የቡና ማጠቢያ ሠራተኞቹን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማሩትን አንድ በአንድ ዞረቻቸው። መታወቂያ ለሌለው ምስክር ትፈልጋለች፣ ወረፋ ለሰለቸው ወረፋ ትይዛለች። አንድ ጎረምሳ ካርዱን ይዞ ብቅ ባለ ቁጥር ታረቀኝ በዚያ ጭቃ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሲጎተት ይታያታል። ከአባቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም ነበር።

የምዝገባው መጨረሻ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሙሉካ ወደቆመችበት ወደ ምዝገባ ጣቢያው በር ሔርሜላ መጣች። ሔርሜላ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ዋናው መንገድ ዳር ጸጉር ቤት ትሠራለች። ዓመት ተኩል ቢሆናት ነው ከእናቷ ጋር ከፍስሐ ገነት ከተማ ከመጣች።

"ሙሊዬ፣ ደረስኩ አይደል? ደንበኛ ይዞኝ እኮ ነው።" መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠቻት። "እኔን ግን መቀስቀስ አያስፈልግሽም። ጋሽ ታረቀኝን ነው የምመርጠው።"

ሙሉካ መታወቂያውን እንደያዘች ቀረች። "ለምን?"

"እማዬ ምጥ ጠንቶባት መኪና ስናጣ በራሱ መኪና ዲላ ያደረሳት እሱ ነዋ። አያውቀንም እኮ፤ መንገድ ላይ ስንጮህ አይቶን ነው። ወንድሜም እማዬም ዛሬ በሕይወት አይኖሩም ነበር።"

ልጅቷ እየሳቀች ነበር የምትናገረው። የዚያ ሰው ስም በምስጋና ሲነሣ መስማት ለሙሉካ ከበዳት። መታወቂያውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። የፍስሐ ገነት ነው። እንዲህ ዓይነት መታወቂያ የያዙ አምስት ሰዎች፣ እዚህ መኖራቸውን ጎረቤት መስክሮላቸው፣ በዚያው ሳምንት አስመዝግባለች።

"ይኸ እዚህ አይሆንም" አለች። "ፍስሐ ገነት ሄደሽ ነው መመዝገብ ያለብሽ።"

"ውይ! ዛሬ?"

"አሁን ከተነሣሽ ትደርሻለሽ።"

ሔርሜላ አመስግና፣ ጉንጯን ስማ፣ ወደ መኪና ተራ ሮጠች። ሙሉካ ቆማ አየቻት። መጥራት ትችል ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሟል፤ ልጅቷም በመስኮቱ እጇን አውለብልባላታለች። ሙሉካ አልጠራቻትም።

ፍስሐ ገነት ላይ ሔርሜላን "አንቺ እኮ ነዋሪነትሽ ጪጩ ነው፤ ተመለሺ" አሏት። ስትመለስ መዝገቡ ተዘግቶ ነበር። ሙሉካ ይህን በማግስቱ ሰማች። "አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው" ብላ ላከችባት።

የምርጫው ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ዘነበ። ሙሉካ ዝናቡ ሰው ያስቀርብኛል ብላ ፈርታ ነበር። ሞተረኞቹ ግን ላስቲክ ለብሰው መጡ፣ አቮካዶ ሻጮቹ ዘንቢላቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው መጡ። ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ አስፋልት ድረስ ወጣ። ያን ያህል ወጣት ዝም ብሎ ተራውን ሲጠብቅ በዚያ ቀበሌ ማንም አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ሙሉካ ከፊት ነበረች። ታረቀኝ ሁለት መቶ ሦስት፤ ተቀናቃኙ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ሮጣ ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። በእነዚያ ዓመታት ስለዚያ ስብሰባ አንድ ቃል ተንፍሳ የማታውቀው እናቷ የምትፍቀውን እንሰት አስቀመጠችና "ቁጥሩን ድገሚልኝ" አለች። ደገመችላት። "አንዴ ብቻ ደግሞ" አለች እናቷ።

ስትመለስ ታረቀኝ መጥቷል። ወረቀቱ ፊት ቆሞ በጣቱ እየተከተለ ያነብባል። ሳምሶንና ጓደኞቹ ዙሪያውን አሉ። ሙሉካ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ አጠገቡ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ይህችን ደቂቃ ነበር።

"የአቶ ፈለቀ ልጅ ነኝ" አለችው።

ዞሮ አያት። "የቱ ፈለቀ?"

"መንገዱ ለምን ታጠፈ ብለው የጠየቁህ። በጭቃ ላይ ያስጎተትካቸው። አሥራ አንድ ቀን ያሳሰርካቸው።"

ታረቀኝ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። የምሩን ነበር የሚያስበው። "ያኔ ስብሰባው ብዙ ነበር" አለ በመጨረሻ።

የጠበቀችው እንዲክድ ወይም እንዲቆጣ ነበር፤ ለሁለቱም ቃል አዘጋጅታለች። ይረሳል ብላ ግን አስባ አታውቅም። የያዘችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

"እኔ አስታውሳለሁ" አለ ሳምሶን። "አጥሩ ላይ ነበርኩ፤ ስቄያለሁ። ጫማቸው ወልቆ ነበር። እሳቸው ትክክል ነበሩ ጋሽ ታረቀኝ፤ ያ መንገድ ለወንድምህ ሲባል ነው የታጠፈው።"

ታረቀኝ ዙሪያውን አየ፤ መንገድ ለቀቁለት። አንገቱን ደፍቶ፣ የዝናቡን ውሃ እየረገጠ ሄደ። ሙሉካ የሚስቅበት ሰው ፈልጋ ነበር። ማንም አልሳቀም። ቢሆንም ጀርባውን እስኪጠፋ ድረስ እያየች ጠገበችው። በምርጫ ክልሉም ሁሉ በሰፊ ልዩነት መሸነፉ ኋላ ተሰማ።

በሁለተኛው ሳምንት ሔርሜላ ሙሉካ ቤት ድረስ መጣች። እንድትቀመጥ ብትጋብዛት አልተቀመጠችም።

"ከፍስሐ ገነት አብራን የመጣች ልጅ እዚሁ ተመዝግባለች። ያስመዘገብሻት አንቺ ነሽ፤ ምስክር ሁሉ ፈልገሽላታል። እኔን ለምን ላክሽኝ?"

ሙሉካ መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። "እሱን እመርጣለሁ ስላልሽኝ።"

"በቃ?"

"አባቴን ምን እንዳደረገው አታውቂም።"

"ሰምቻለሁ፤ አገሩ ሁሉ እያወራው ነው። አባትሽን እኔ አልጎተትኩም እኮ!" ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። "በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሰለፍ እኔ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ለማኅበርሽ እናገርብሻለሁ።"

ተናገረችባትም። ደግነት ሲደውል ሙሉካ አልካደችም። ሰደርያውንና ማጉያውን ዲላ ወስዳ አስረከበች። ደግነት ሌላ ነገር ሳይል "ከሁሉም የበለጠ ሰው ያስመዘገብሽው አንቺ ነበርሽ" አለ፤ ያ ከቁጣ የበለጠ አሳፈራት።

ከዚያ በኋላ ሳምሶን አንድ ቀን ሞተሩን አቁሞ "ያቺ ልጅ ሹሩባ እየሠራች ስምሽን በክፉ ታነሣለች፤ ታውቂያለሽ?" አላት። ሙሉካ ደሟ ፈላ። ቀጥ ብላ ወደ ጸጉር ቤቱ ሄደች። ስትገባ አራት ልጃገረዶች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሔርሜላም የአንዷን ጸጉር ይዛለች። ሙሉካ ልትናገር የመጣችው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ይቺን ልጅ ዋሽቼ ከምዝገባ ያስቀረኋት እኔ ነኝ" አለች ለልጃገረዶቹ። "ታረቀኝን እንዳትመርጥ ብዬ ነው። የሷ አልነበረም ጥፋቱ፤ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ሔርሜላ።"

ሔርሜላ መጎንጎኗን አላቆመችም። "ሰምቼሻለሁ" አለች። "ይቅር ግን አላልኩሽም። ለሚቀጥለው ምርጫ እነዚህን ሁሉ የማስመዘግባቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ታረቀኝ ከተወዳደረ ደግሞ እንደገና እሱን ነው የምመርጠው።"

"ምረጪው" አለች ሙሉካ። "እኔም እንደገና እጥለዋለሁ።"

ወጥታ ሄደች። በልጅቷ ነገር እስከ ዛሬ ታፍራለች፤ በዚያ መንገድ ስታልፍ ወደ ጸጉር ቤቱ ቀና ብላ አታይም። በታረቀኝ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ተጸጽታ አታውቅም።