በበርሜል የተጠቀጠቀ መሬት

ባሌ ክንዱ ውሸት አያውቅም ስላችሁ ማሞገሴ እንዳይመስላችሁ። ቤቴን ያፈረሰው ይኸው ነው።

መሬታችን ከቡሬ ወረድ ብሎ፣ አራት ጥማድ፣ ጤፉ የማያሳፍር ነበር። ሌላ አልነበረንም። በ1996 አንድ ባለሀብት ሰፊ የበቆሎ እርሻ ተሰጠው፤ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላንም አመጣ። ማረፊያዋ በእኛ ማሳ ላይ ወደቀ። ካሣ ይሁናችሁ ብለው ክንዱን ዘበኛ አደረጉት። እኔ ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ እሱ የተሰጠውን ካፖርት ለብሶ ወደ ሥራው ሄደ።

መሬት የሚጠቀጥቀው ማሽን፣ ዳምጠው የሚሉት፣ አንድ ቀን መጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሜዳውን ሜዳ ያደረገው ክንዱ ነው። ዝናብ ባባራ ቁጥር፣ ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል በገዛ በሬዎቻችን እያስጎተተ ሲጠቀጥቅ ይውላል። ማንም አላዘዘውም። «የአባትህን ማሳ ቀጥቅጠህ ልትገድለው ነው?» እለው ነበር። አንድ ቀን አብራሪው ወርዶ መሬቱን በተረከዙ መታ መታ አደረገና «እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ አርፌ አላውቅም» አለው። ያን ቀን ክንዱ እራት አልበላም፤ ጠግቦ ነበር።

በ2003 ባለሀብቱ ከሰረ ተባለ። አውሮፕላኗ ተነስታ ሄደች፤ አልተመለሰችም። የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሰው ነቃቅሎ ወሰደው። ቀበሌው መሬታችንን ሲመልስልን እልል አልኩ። የዋህ ነኝ።

በመጀመሪያው ክረምት ማረሻው ታጠፈ። በሁለተኛው አንዱ በሬያችን እንደ ተንበረከከ ቀረ። በሦስተኛው ክንዱ በዶማ ጀመረ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቆፍሮ የጎመን መደብ ያህል አወጣ። የዘራንበት ጤፍም ውሃ ቆሞበት ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሦስት ዓመት ጦሙን ያደረ መሬት ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

በመስከረም የመሬት ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ደሴ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሊያድነን እንደመጣ ከፊቱ አወቅሁ። ከወረዳ የመጣ ባለሙያ አብሮት ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«አያ ክንዱ» አለ ደሴ ቃሉን እያኘከ፣ «መቸም ይኸን መሬት እንዲህ ያደረገው የባለሀብቱ ማሽን ነው። ማሽን ካበላሸው ምትክ ይሰጥዎታል። ባለቤቱ በእጁ ያበላሸውን ግን መንጠቅ ነው። እንግዲህ ማሽን ነው፤ አይደለም?»

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእስክሪብቶው ወጋው። አልገባለትም። «ምን ዓይነት ማሽን ነው ባካችሁ!» አለ ተደንቆ።

የክንዱን ጋቢ ጫፍ ጎተትኩ። አንገቱ ቀና ሲል አየሁና አለቀልን አልኩ።

«ዳምጠውስ አንድ ቀን ነው የዋለበት» አለ። «ሰባት ዓመት የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ።»

«አያ ክንዱ፣ እስቲ ያስቡበት፤ ረስተውት ይሆናል» አለ ደሴ ሊያለቅስ ደርሶ።

«አልረሳሁም። ጻፈው።»

ተጻፈ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ ግን አምልጦት አይደለም፣ አውቆ ነው።

ሰዎቹ ሲሄዱ ያወረድኩበትን ስድብ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። እኔ ስደክም «ቻይነሽ» አለኝ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አይቶ ያደነቀልኝ ሥራ ይኸ ብቻ ነው። እሱንም ለማሽን ልስጥ?»

አሁን ጅጋ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሱ በዚህ ዕድሜው ጭነት ያወርዳል፤ እኔ የሰው እህል አበጥራለሁ። ባለፈው ገበያ የአገራችንን ሴቶች አገኘሁና ስለ መሬቱ ጠየቅኋቸው። የተሰጣቸው ሰዎችም ማረስ አቅቷቸው አውድማ አድርገውታል አሉኝ። የሰባት መንደር ሰው ነዶውን እዚያ አምጥቶ ይወቃል፤ በእበት መለቅለቅ እንኳ አያሻውም፤ አንዲት ፍሬ መሬት ውስጥ አትቀርም።

ለክንዱ አልነገርኩትም። ደስ ይለዋል።