ለሳምራዊት የተያዘው ጾም

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት፣ በሪያድ ባዲዓ ሰፈር ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ፣ የማሩና የስንቅነሽ ሳሎን በሰው ተሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የመጡት፤ በር ላይ የተደረደረ ጫማ የጎረቤት ዓይን እንዳይስብ ሁሉም ጫማውን በፌስታል ይዞ ገብቷል። በሪያድ ቤተ ክርስቲያን የለም። ማኅበሩ በየሳምንቱ በዕረፍት ቀኑ፣ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው ቤት እየተሰበሰበ፣ ያለ ከበሮና ያለ እልልታ፣ በሹክሹክታ ይዘምራል። በዚህ ወር ግን መዘዋወሩ ቀርቶ ጸሎቱ እዚህ እንዲሆን ተወስኗል። የቤቱ ልጅ ሳምራዊት ከአልጋዋ ሆና እንድትሰማ ነው።

ሳምራዊት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ሁለት ዙር ኬሞ ወስዳለች፤ ሦስተኛው ቀርቧል። አባቷ ማሩ የአንድ ነጋዴ ሾፌር ነው። ሕክምናዋ የሚሸፈነው በከፊሉ፣ በዚያው ነጋዴ በኩል በተገባ ኢንሹራንስ ስለሆነ፣ ወደ አገር መመለስ ማለት ሕክምናውን መተው ማለት ነበር።

ከውዳሴ ማርያም በኋላ ዲያቆን ፈቃዱ ተነሣ። በሥራ ቀን የልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ የሰው ጀለቢያ ሲተኩስ የሚውል፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው።

«እኛ ካህን የለንም፤ ቅዳሴም የለንም» አለ። «ያለን ሆዳችን ብቻ ነው። ዘንድሮ ፍልሰታን ለሳምሪ እንይዘው።»

«በዘጠኝ ሰዓት ነው የምንፈታው?» አለች እትዬ ታንጉት፣ ከማኅበሩ ሴቶች በዕድሜ ትልቋ። «ዘጠኝ ሰዓትማ ለራሴም እጾማለሁ። እኔ እስከ ማታ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ ሁሉም ከጾሙ በላይ የሚጨምረውን ይናገር ጀመር። አንዷ ከዳቦና ከውኃ በቀር ምንም ላትቀምስ ወሰነች፤ ሌላው ሌሊቱን በስግደት ሊያሳልፍ። ባጥሐ ሰፈር በምግብ ቤት ወጥ ቤት የሚሠራው ደሴ እጁን አወጣ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስጠብስ ነው የምውለው። ሽታው ጾም ይፈታል ካላችሁ እኔ ኸላስ፣ ድሮ አልቆልኛል።»

ሳቁ በመዳፍ ታፈነ።

«ለሳምሪ ግን» አለ ደሴ ፈገግታውን ሰብስቦ፣ «ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ አልጠጣም።»

ውጭ አስፋልቱ የሚቀልጥበት ወር ነው። የደሴ ምድጃ ደግሞ ከአስፋልቱ ይብሳል። ስንቅነሽ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። ልጇ ብቻዋን እንዳልሆነች የተሰማት ያን ጊዜ ነበር። የመኝታ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ እንደተተወ አላሰበችም።

ስንቅነሽ በአንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት እስከ እኩለ ቀን ትሠራለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎና የዶሮ ሥጋ በሳህን ከድና አልጋው አጠገብ ታስቀምጣለች። ስትመለስ ሳህኑን ባዶ ታገኘዋለች። ተመስገን ትላለች።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሕንፃው ዘበኛ በሩን አንኳኳ። የመናዊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ተቆጥቶ ነበር።

«እናንተ ሐበሾች ምግብ በመስኮት መጣል ከየት ተማራችሁ? ሐራም አይደለም? ሙሉ እንቁላል! ዶሮ! በአየር ማስገቢያው በኩል ሽታው እስከ ጣሪያ ደርሷል!»

«ከእኛ ቤት አይደለም ወንድሜ» አለች ስንቅነሽ በአረብኛ፣ ፍጹም እርግጠኛ ሆና። «እኛ ምግብ አንጥልም።»

በሩን ዘግታ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች፤ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች። ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች በሰነጠቀው ጠባብ ጉድጓድ ግርጌ፣ በአሮጌ ጣሳና በላስቲክ መካከል፣ የእርጎው ኩባያ በጎኑ ተኝቷል። እንቁላሎቹም አሉ። ራሷ የላጠቻቸው ናቸው።

ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ ሳምራዊት አላንቀላፋችም። ፀጉር የሌለው ራሷ በነጭ ሻሽ ተሸፍኗል፤ ዓይኖቿ ፊቷ ላይ ከሚገባው በላይ ጎልተዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ስንቅነሽ።

ልጅቷ አልዋሸችም። «ከዓርብ ጀምሮ፣ እማ።»

«ምን በልተሽ ቆየሽ ታዲያ?»

«ዳቦ በሻይ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

«አንቺ እኮ በሽተኛ ነሽ!»

«እነሱስ? ጋሼ ደሴ እሳት ፊት ቆሞ ውኃ አይጠጣም። እትዬ ታንጉት እግራቸው አብጦ ይሰግዳሉ። ያ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት እየተራበ እኔ ተጋድሜ እንቁላል ልብላ?» ትንፋሽ አጥሯት ቆም አለች። «ፍልሰታን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ፈትቼ አላውቅም። ዘንድሮ፣ በራሴ ስም የተያዘውን ልፍታ?»

«የታመመ ሰው አይጾምም፣ ልጄ።»

«የንስሐ አባቱ ሲፈቅዱለት ነው። ጋሼ ፈቃዱ ናቸው እንደዚያ ያስተማሩን። ደውይና አባን ጠይቂያቸው፤ ከፈቀዱ እበላለሁ።»

ስንቅነሽ ደወለች። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ደብረ ታቦር ነበሩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። እዚያው ለሚኖረው ወንድሟ ደወለች። አባ እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ ለሱባኤ ገዳም እንደገቡ፣ ጾሙ ሳይፈታ እንደማይወጡና መልእክትም እንደማይቀበሉ ነገራት። ስልኩን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፈቃድ መስጠት የሚችለው አንድ ሰው ለጸሎት ብሎ በሩን ዘግቷል፤ ምናልባት ከሚጸልዩላቸው ስሞች አንዱ የሳምራዊት ይሆናል።

በማግሥቱ የሆስፒታሉ ሐኪም፣ ረጋ ያለ ሱዳናዊ፣ የደሟን ውጤት ሁለት ጊዜ አነበበ። ክብደቷን እንደገና አስመዘነ።

«በዚህ ሰውነት ላይ ብሰጣት መድኃኒቱ ራሱ ይገድላታል» አለ ለማሩና ለስንቅነሽ። «ብዙ ማዘግየት ደግሞ ለበሽታው መንገድ መክፈት ነው። አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። አብሏት። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ያገኛችሁትን ሁሉ። ከሳምንት በኋላ እንዲህ ሆና ከመጣች ምን እንደምላችሁ አላውቅም።»

ማሩ እስከ ቤት ድረስ በመኪናው መስተዋት ልጁን እያየ ነዳ። ሲያወርዳት «አባትሽ ነኝ፤ አዝዝሻለሁ» አላት። እሷም እጁን ሳመችና «በዚህ አታስገድደኝ፣ አባዬ» አለችው። ያን ቀን አፏ ላይ የተያዘላትን ማንኪያ ጥርሷን ገጥማ መለሰችው።

ዓርብ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ስንቅነሽ ጸሎቱ እስኪጀመር አልጠበቀችም። የመኝታ ክፍሉን በር አጥብቃ ዘጋችና ሁሉን ነገረቻቸው።

«ጾሙን ፍቱልኝ» አለች በመጨረሻ። «እናንተ ስትፈቱ ካላየች አትበላም። እለምናችኋለሁ።»

ጭቅጭቁ በሙሉ በሹክሹክታ ነበር። ቃል በከረረ ቁጥር ደሴ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ ይቀስራል።

«ለእግዚአብሔር የሰጠነውን መልሰን ልንወስድ ነው?» አለች እትዬ ታንጉት። «እሷ የምትድነው በእንቁላል ነው እንዴ?»

«ሐኪሙ በእንቁላል ነው ያለው» አለች ስንቅነሽ።

«ሐኪሙ ምን ያውቃል?»

«እትዬ፣ ለጉልበትሽ መርፌ ስትወጊ ሐኪም አያውቅም አላልሽም» አለ ደሴ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ይኸው ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል፤ ይህ ሁሉ ለከንቱ ይሁን?»

ደሴ ከንፈሩን በምላሱ ነካ አደረገ። አንዳንዶቹ ከበሽተኛዋ ተደብቀው እንዲጾሙ፣ ለእሷ ግን እንደፈቱ እንዲነገራት ሐሳብ አቀረቡ። ስንቅነሽ ራሷን ነቀነቀች። ሳምራዊት ውሸት ታውቃለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ራሷ ዋሽታለች።

ሁሉም ወደ ዲያቆኑ ዞረ። ባለፈው ሳምንት «ያለን ሆዳችን ብቻ ነው» ያለው እሱ ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት የታመመች ልጅም ሆድ እንዳላት አላሰበም።

«ጾም የመፍታት ሥልጣን የለኝም» አለ። «ለእሷም፣ ለእናንተም፣ ለራሴም የለኝም። እናንተ በያዛችሁት ጽኑ።» ከዚያ ወደ ስንቅነሽ ዞረ። «እህቴ፣ እንቁላል አለ?»

እጁን ታጥቦ፣ አፉን በጭምብል ሸፍኖ ሳህኑን ይዞ ገባ። ስንቅነሽ ተከትላው በሩ ሥር ቆመች። ፈቃዱ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሳምሪ፣ ትበያለሽ?»

«ጾም ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደ፤ አንዱን እንቁላል ላጠ፤ በሁለት ጊዜ ገምጦ አኘከ። ከልጅነቱ ጀምሮ በጾም ወራት የፍስክ ምግብ አፉ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። እጁን አፉ ላይ ጭኖ በግድ ዋጠ።

ሳምራዊት በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። ፊቷ ላይ የመጣው ስንቅነሽ የጠበቀችው እፎይታ አልነበረም።

«ተዋችሁኝ ማለት ነው?» አለች። «ተስፋ ቆረጣችሁ?»

«ማንም አልተወሽም። እነሱ እየጾሙ ነው፤ እየበላሁ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንቺ እስካልበላሽ ድረስ እበላለሁ። አንቺ የበላሽ ቀን እጾማለሁ።» ሁለተኛውን እንቁላል አነሣ።

«ጋሼ፣ ይህ ማስገደድ ነው።»

«ነው።»

«ኃጢአቱ በማን ላይ ነው የሚቆጠረው?»

«በእኔ ላይ። ካህን ሳገኝ እናዘዘዋለሁ። ካላገኘሁ ይዤው እሄዳለሁ።»

እንቁላሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ያዘችው። ከጣቱ ነጠቀችው። እያለቀሰች፣ ዓይኖቿን ከእሱ ሳትነቅል፣ በትንንሹ እየቆረሰች በላችው።

«ለእኔ ብዬ አይደለም የበላሁት» አለች። «እንዲያቆሙ ነው።»

«ይሁን» አለ ፈቃዱ፤ ጭምብሉን መልሶ ከፍ አደረገ።

ሳሎን ሲመለስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ነበር። በተከፈተው በር የሆነውን ሁሉ ሰምተዋል። እትዬ ታንጉት የጸሎት መጽሐፉን አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ጾም የፈታ ሰው አያነብልንም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበረበት።

«ልክ ነሽ» አለ ፈቃዱ። በሩ አጠገብ፣ ጫማ የያዙት ፌስታሎች በተከመሩበት፣ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠ። ያን ቀን የሚያነብ ሰው ስላልነበረ በቃል የሚያውቁትን ብቻ ደገሙ፤ ጸሎቱ አጭር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥቂቶች መምጣት አቆሙ፤ ከፊሎቹ በዲያቆኑ ተሰናክለው፣ ከፊሎቹ ዘበኛው ይጠቁመናል ብለው ፈርተው።

ሳምራዊት በቀሩት ቀናት በላች። መብላቱ ከመራብ አልቀለላትም። ጠዋት ጠዋት «ለጋሼ ፈቃዱ ደውይ፤ በልቻለሁ በያቸው» ትላለች። ስንቅነሽም ትደውላለች። አንዳንዱ የዋጠችው አይረጋላትም፤ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ እንደገና ትበላለች፤ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ሥራ፣ ግንባሯን ቋጥራ።

ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሙ ውጤቱን አነበበ።

«ትንሽ ተሽሏል» አለ። «ግን ሙሉውን አትችለውም። ግማሹን እሰጣታለሁ።»

«ግማሹ ይበቃል?» አለ ማሩ።

ሐኪሙ የሚያጽናና ፊት ሊያሳይ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ምንም ካለመስጠት ይሻላል» አለ።

«ያ ሳምንት ባይባክን ኖሮስ?» የሚለው ጥያቄ ስንቅነሽ ምላስ ላይ ደረሰ። አልጠየቀችም። መልሱን ለመስማት ገና ዕድሜዋ በሙሉ እንዳላት አሰበች፤ ዛሬ ግን ልጇ ክንዷን ለነርሷ ዘርግታለች።

መድኃኒቱ መንጠብጠብ ሲጀምር ኮሪደር ላይ ወጥታ ደወለች። ከስልኩ ወዲያ የእንፋሎት ካውያው ሲተነፍስ ይሰማል።

«ሰጧት?» አለ ፈቃዱ።

«ግማሹን።»

ካውያው ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። «በልታለች?»

«ጠዋት በልታለች። አሁንም ሾርባ ይዣለሁ።»

«እኔም ጾሜያለሁ። ንገሪያት» አለ።

ስትመለስ ሳምራዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። የእናቷን እርምጃ ሰምታ ዞረች።

«ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ላስሙቅልሽ?»

«ተዪው፣ እንዲሁ ስጪኝ።»

ስንቅነሽ ማንኪያውን አቀረበች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የዋጠችው ይረጋ እንደሆነ ጠበቀች። እናቷም ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘች አብራት ጠበቀች።