ታማኝ ጠባቂን ማስወጣት

የጥርስ ሐኪሟ ኮምፒውተር ላይ «ታማኝ ጠባቂ» የሚባለውን ፕሮግራም የጫነው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ማንም አልለመነውም። ራጅ ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል ብላ ከአፏ ስላመለጣት ብቻ፣ ምሳዋን በልታ እስክትመለስ ከፍላሹ ጭኖላት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ኤሊ ሆነ፤ በዚያ ላይ አፍ አወጣ። አንድ ቀን ግዙፍ የከባድ መኪና ሹፌር አፉን ከፍቶ ተጋድሞ ሳለ፣ ከጠረጴዛው ላይ የሴት ድምፅ «ከባድ አደጋ ተገኝቷል። አፋጣኝ እርምጃ ይውሰዱ» አለ። ሹፌሩ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነበር። ደረቱ ላይ ያሰሩለትን ጨርቅ እንዳንጠለጠለ፣ በደነዘዘ ከንፈሩ የሆነ ነገር እየተንተባተበ ወጥቶ እብስ አለ።

«ዛሬ ወይ እኔ ወይ አንቺ» አለች ሐኪሟ፣ ለኮምፒውተሩ ድምፅ።

መጀመሪያ የፕሮግራሙን ምልክት ከስክሪኑ ላይ ሰረዘች። ሴትዮዋ ምንም እንዳልተፈጠረ መለፍለፏን ቀጠለች። ቀጥሎ ከፕሮግራሞቹ መሐል ፈልጋ «አስወግድ» የሚለውን ተጫነች። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ መጣ። ነኝ። «በእርግጥ ሊለዩን ነው?» ሐኪሟ በሕይወቷ እንዲህ ተለምና አታውቅም፤ ባሏ እንኳ ለጋብቻ አንዴ ጠይቆ ነው ዝም ያለው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ግን «እንኳን ደህና መጡ» አለቻት።

ይሄኔ ነገሩ ገባት፤ ላይ ላዩን ሰብራ ሥሩን ትታዋለች። ኢንተርኔቱን ዘጋች። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች መሐል «ረዳት» የሚል ስም ይዞ ያደፈጠ አገኘች። የተባረረችውን እየጎተተ የሚመልሳት እሱ ኖሯል። እሱን አስቆመች፤ ሁለቱንም ነቀለች፤ የተረፈ ፎልደራቸውን ደመሰሰች፤ ኢንተርኔት መክፈቻው ላይ የተለጠፈውን ቅጥያም አላቀቀች። አጥፍታ አስነሳችው። ጸጥ። ራጁም ወዲያው ተከፈተ።

ሹፌሩ በማግሥቱ ጉንጩ አብጦ መጣ፤ ከመግባቱ በፊት ግን በር ላይ ቆሞ ጥቂት አዳመጠ።

ማታውን የባሏ ወንድም ፕሮግራሙን መንቀሏን ሰምቶ፣ አኩርፎ ደወለ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። እኔም ቤት አለች።»

«ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ እንዴት ትችላታለህ?»

«ሚስቴ ከሄደች ወዲህ እቤት የሚያናግረኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሐኪሟ ያዘጋጀችውን ስድብ ተወችው።

«እሁድ ምሳ እኛ ጋ ና» አለችው። «ፍላሽህን ግን እዚያው ተወው።»