በሰርጉ ቀን የተዘቀዘቀው ነጠላ

ጌጤ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። ጥር ነው፣ እሁድ ነው፤ ደብረ ታቦር ያለ ሰው ሁሉ ትያትር ልይ ብሎ የወጣ ይመስል አዳራሹ በር ላይ ግፊያው ከቀትር በፊት ተጀምሯል። ከጉና የሚወርደው ብርድ በመጋረጃው ስር ሾልኮ እየገባ እግር ይቆረጥማል፤ እሷን ግን ላብ አጥምቋታል። ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ደንበኞቿ ቢያዩዋት ታማለች ይሉ ነበር። አልታመመችም፣ ደስ ብሏት ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የትያትር አልባሽ ሆናለች።

አልባሽ እንግዲህ ተመልካች የማያያት ሰው ናት። ተዋናዩ ከመድረክ ሲወጣ መጋረጃው ጀርባ አድፍጣ የምትጠብቀው፣ አንዱን ልብስ ገፍፋ ሌላውን የምታጠልቅለት፣ መርፌ ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ «ክንድዎን፣ ክንድዎን» እያለች የምታጣድፈው እሷ ናት። የጌጤ ዋና ሥራ ደግሞ እመቤት ነበረች። እመቤት በአዘቦቱ ቀን አስተማሪ ናት፤ እዚህ ግን ልጇን ድራ ሳምንት ሳይሞላ የምትቀብር እናት ሆናለች።

ትያትሩን የጻፈውም ያዘጋጀውም እንዳልካቸው ነው። ለሙሽራው ልጅ ሞት አንድም ቃል አላስቀመጠለትም። መርዶ ነጋሪ የለም፣ ጩኸት የለም። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አውጥታ ከቤት ብቅ ትላለች፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ በቃ።

«የእኛ ሰው ያንን አይቶ ሌላ ምን ይነገረዋል?» ይል ነበር። ከዚያ ወደ ጌጤ ዞሮ፣ «ስለዚህ መጨረሻው በእጅሽ ነው። አደራ» ይላታል።

እንቅልፍ የነሳቻት ይህች አደራ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያቆመች ነጠላ ስታዘቀዝቅ ከረመች። ጎረቤቷ እንኳ «እኔ ሰው አልሞተብኝም፣ ሟርትሽን ወዲያ» ብላ አባረረቻት። ድሪውን መፍታት፣ ጥቁር ሻሽ ማሰር፣ ነጠላውን ማዘቅዘቅ፤ እጇ ዓይኗን ሳይጠይቅ እስኪሠራው ድረስ ደጋገመችው። የሰርጉን አለባበስማ ማን ይለማመደዋል? እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ከበሮው ተመታ። ሙሽራውን የሚጫወተው ባዩ በሚዜዎቹ ታጅቦ ገባ፤ ተመልካቹም ትያትር መሆኑን ረስቶ ያጨበጭብ፣ እልል ይል ጀመር።

«ይዙሩልኝ እትዬ፣ ይዙሩልኝ» አለች ጌጤ እመቤትን። ድሪውን አጠለቀችላት፣ ነጠላውን ደረበችላት፣ በሁለት እጇ ወደ መብራቱ ገፋቻት።

እልልታው ቀጥ አለ። ጌጤ በመጋረጃው ክፍተት አሻግራ አየች። የሙሽራው እናት ድሪዋን አንጠልጥላ፣ ፈገግ ብላ፣ ነጠላዋን ለቅሶ እንደሄደ ሰው አዘቅዝቃ ቆማለች። እጅ የለመደውን ሠርቷል።

ከፊት ወንበር እማማ ፈንታነሽ ብድግ አሉ። ከገሳይ ድረስ ለዚህ ብለው የመጡ ናቸው፤ በዚያ አገር እሳቸው ያልቆሙበት ሰርግ ሰርግ አይባልም፣ ያልተቀመጡበት ለቅሶም ለቅሶ አይባልም።

«ኧረ አንች ሴት፣ በልጅሽ ሰርግ እንዲህ ይለበሳል? ማን ሞተብሽ?»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ማዶ በኩል እንዳልካቸው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። ያ ነጠላ አሁን መሳቂያ ከሆነ መጨረሻው ላይ ማን ያለቅስለታል?

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። የራሷን ነጠላ አደገደገች፣ ለድግሱ የተቀመጠውን የጠላ ማንቆርቆሪያ አነሳች፣ ወደ መድረኩ ወጣች። መብራቱ ዓይኗን አጥበረበረው፤ ድምፅ ግን አላጣችም።

«እትዬ፣ ደስታው አዞረብዎት እንዴ? ሙሽራው እኮ ገባ» አለችና ነጠላውን ከእመቤት ትከሻ ላይ አንስታ፣ አራግፋ፣ ጥለቱን ወደ ታች አውርዳ አለበሰቻት።

እመቤትም ምራቋን የዋጠች ሴት ናት፤ አልደነገጠችም። «ድግስ ስደግስ ሳልተኛ ከርሜ የለበስሁትን ላውቅ ነው ልጄ? ተባረኪ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ፈንታነሽ «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው እልልታውን ራሳቸው ጀምረው ተቀመጡ። ጌጤ ለማንም ሳትቀዳ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ሮጣ ወጣች። ፈርታለች፣ ደግሞ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። እንዳልካቸው መጥቶ አልተቆጣትም፣ አላመሰገናትምም። «መጨረሻው ይቀረናል» ብቻ አላት።

መጨረሻው ደረሰ። ዋሽንቱ ሲጀምር እመቤት መጋረጃው ጀርባ መጣች። ጌጤ ድሪውን ፈታች፣ ሻሹን አሰረች፤ ነጠላው ላይ ስትደርስ ግን እጇን ማመን አቃታት።

«አሁን ይዘቅዘቅ አይደል እትዬ?»

«አሁንስ አዎ» አለች እመቤት፤ ድምፅዋ ከወዲሁ ተለውጧል።

ወጣች። አንድም ሰው አልሳቀም። መጋረጃው ተዘጋ፤ ጭብጨባ ግን የለም። ኮቴ እንኳ አይሰማም።

«ወደቅን» አለ እንዳልካቸው ቀስ ብሎ።

ጌጤ አጮልቃ አየች። እማማ ፈንታነሽ ቆመው የገዛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት እንደዚያው አደረገች፤ ከኋላቸውም ያሉት፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለቅሶ ላይ ማን ያጨበጭባል? የጌጤ እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ የደስታ ይሁን የሐዘን እሷም አልለየችውም።

እመቤትም በጌጤ ትከሻ ላይ አሻግራ አየቻቸው። «ነጠላውን መልሽልኝ» አለቻት። «ሰዎቹን እንዲህ አድርገን አንሸኛቸውም።»

ጌጤ ሻሹን ፈታች፣ ጥለቱን ወደ ታች አወረደች። እመቤትም እጇን ይዛ ከመጋረጃው ውጭ ጎትታ አወጣቻት። እማማ ፈንታነሽ ነጠላውን አዩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የራሳቸውን ግን አልመለሱም።

«ልጅሽስ?» አሉ።

ጌጤ መጋረጃውን ገለጠች፤ ጥግ ይዞ ዳቦ ሲያኝክ የነበረውን ሙሽራውን ባዩን በክንዱ ስባ መብራቱ ላይ አቆመችው። እማማ ፈንታነሽ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን መልሰው ለበሱ፣ እልልታቸውንም ለቀቁት።