የአውሬው ዚፕ

እ.ኤ.አ. በ2007፣ በኖቬምበር ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በወይዘሮ አርዲስ ሃውገን ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እሳቸው፣ ወንድማቸው ቨርሊንና እኔ። ቤቱ ከሚኒያፖሊስ ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሮ ነበር።

የምሠራው የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን በዲቪዲ አትሞ በሣጥን በሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ሣጥኖቹ ላይና ከውስጥ በምትገባው ቀጭን መጽሐፍ ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ አነብና የፊደል ግድፈት እለቅማለሁ። ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር ስለማይጠይቅ ሥራዬን እወደዋለሁ። ከሁሉ በላይ የሚሸጥልን «የኋላ ወንበር» የሚባለው ቀልድ ነው። ሦስት ሰዎች አሮጌ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አንድ የማይረባ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያዩ ይሳለቁበታል። እኛ አገር ይህን ቀልድ ከቴሌቪዥን በካሴት ቀድቶ ለጎረቤት ያላዋሰ ቤት ጥቂት ነው። የዝግጅቱን አንድ ክፍል በሣጥን ለማውጣት ግን የቀልደኞቹ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ የማይረባው ፊልም ባለቤትም መፈረም አለበት።

ለስድስተኛው ሣጥን አንድ ፊርማ ጎደለን። «የበረዶው ሥር አውሬ» የሚባለውን ፊልም በ1966 የሠሩት የወይዘሮ አርዲስ ባል ሟቹ ኦሪን ናቸው፤ ጎረቤት አስተባብረው፣ እዚያው ሐይቃቸው ላይ። ተመልካች እየጻፈ ስጡን የሚለን ይህንኑ ክፍል ነው። አለቃችን ጋሬት ወይዘሮዋን በስልክ ጠይቆ «አይ፣ ይቅር» ስላሉት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጋሬት የካሊፎርኒያ ሰው ነው።

«ስንቴ ጠየቅሃቸው?» አልኩት።

«አንዴ ነዋ። አይ አሉ እያልኩህ!»

«አንዴማ ሰላምታ ነው። እዚህ አገር ሦስቴ ሳይጠየቅ እሺ የሚል የለም።»

ትክ ብሎ አየኝና «እንግዲያው አንተው ሂድ» አለኝ። ምነው አፌን በያዝኩት ኖሮ።

ወይዘሮ አርዲስ በድንችና በተፈጨ ሥጋ የተሠራ ትኩስ ምግብ ከነትሪው ከምድጃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ቅመስ እስቲ።»

«አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«አንድ ማንኪያ።»

«እንዳላስቸግርዎ።»

«ታዲያ ለማን ሠራሁት?»

«እንግዲያው ትንሽዬ።» ሁለት ሳሕን በላሁ።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። ጆሮዬ እየጋለ «ስለ ፊልሙ ቢፈርሙልን ደስ ይለናል» አልኩ።

«ኧረ ተወው! ማን ሊያየው?» አሉ። አንድ።

ቨርሊን ጠዋት ተኩሶ ስለሳተው አጋዘን አወራ። ባወራ ቁጥር ቀንዱ ይረዝማል። ወሬው ሲያልቅ «ሰዉ በደብዳቤ ጨቀጨቀን እኮ» አልኩ።

«ሥራ የፈታ ሰው የማይጠይቀው የለም።» ሁለት።

መንገዱ ቀና ብዬ ደስ አለኝ። ሳሕኔን አንሥቼ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጥኩና ሦስተኛውን ጠየቅሁ።

ወይዘሮ አርዲስ እጃቸውን በጨርቅ አደራረቁ። «አልፈርምም» አሉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ቨርሊን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የሦስተኛው ጊዜ «አይ» የእውነት ነው፤ አራተኛ መጠየቅ ብልግና ነው። ጉልበቴን መታ አድርጌ «እንግዲህ…» አልኩና ተነሣሁ። እኛ ዘንድ ይህ ልሂድ ማለት ነው። ቢሆንም በር ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይቆም የሚሄድ የለም። ካፖርቴን ለብሼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ ስለ መንገዱ በረዶ ተነጋገርን፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። በሩን ልከፍት ስል ነው የተናገሩት።

«ዚፑ ነው» አሉ።

«የቱ ዚፕ?»

«ጀመራት!» አለ ቨርሊን። «አርባ ዓመት ሙሉ ዚፕ!»

«አንተ ዝም በል። አውሬው ከበረዶው ሲወጣ ሆዱ ላይ ይህን የሚያህል ዚፕ ይታያል። እነዚያ መኪና ውስጥ ያሉት ምን እንዳሉ ታውቃለህ?»

ክፍሉን ሠላሳ ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ። «ይህን የሰፋው ሰው የቦክስ ጓንት ሳያወልቅ ነው የሰፋው፣ ይላሉ» አልኩ ዝግ ብዬ።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ! በወረዳው ትርዒት በስፌት አሥራ አንድ ጊዜ አንደኛ የወጣሁ ሴት! በቴሌቪዥን የታየ ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ተሰብስበው አዩት። እስከ ዛሬ ብርድ ልብስ አብረን ስንሰፋ ‹አርዲስ፣ ዚፕ እንዳታገቢበት› ይሉኛል። በፊልሙ ይሳቁ፤ ያስቃል። ኦሪን ራሱ እያየው ይስቅ ነበር። ዚፑን ግን እኔ ያደረግሁት ከኋላ ነው፣ ክንፉ ሥር ተደብቆ። አውሬውን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ኦሪን ነው፤ ብቻውን መዝጋት ቢያቅተው የኋላውን ወደ ፊት ገልብጦ ለበሰው!»

«የልብሱ የዓይን ቀዳዳም በዚያው ጀርባው ላይ ቀረ» አለ ቨርሊን። «ሳያይ ሁለቴ ውኃ ውስጥ ገብቷል።»

በፊልሙ ላይ አውሬው ለምን እንደዚያ እየተደናበረ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ልብሱ አለ?»

«ምድር ቤት ተሰቅሏል። የሰፋሁትን አልጥልም።»

«ከሣጥኑ ጋር በምትወጣው መጽሐፍ ውስጥ ገጽ ሰባት ባዶ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። «ልብሱ በትክክል ተለብሶ ፎቶ ቢነሣ፣ እዚያ ላይ አወጣዋለሁ።»

«ማን ይለብሰዋል?» አሉ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ኦሪን ረጅምና ቀጭን ነበሩ። እኔም እንደዚያው ነኝ።

«አይ፣ እኔ አልሆንም።»

«በል እንጂ! ፊትህ እንደሆነ አይታይም።»

እውነትም አይታይም። ሁለተኛ ሳልጠየቅ እሺ አልኩ።

ልብሱ ከአረንጓዴ የዝናብ ካፖርት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው ተቆርጦ በእጅ የተሰፋ። ወይዘሮ አርዲስ ከኋላዬ ሆነው ዚፑን ዘጉትና ክንፉን መለሱበት። ቨርሊን በመስተዋት አሳየኝ፤ ከፊትም ሆነ ከኋላ ዚፕ የሚባል ነገር አይታይም። ልንወጣ ስንል ቨርሊን ከሩቅ የሚታየውን ብርቱካናማ የአደን ቆቡን ከራሱ አውልቆ አውሬው ራስ ላይ ደፋው።

«ፎቶውን ያበላሻል!» አሉ እኅቱ።

«የአደን ወቅት ነው፣ አርዲስ። ይህን ሐይቅ ዳር ያየ ሰው መጀመሪያ ይተኩሳል፤ ምን እንደነበረ ኋላ ይጠይቃል።»

በረዶው ዳር ቆምኩ። «ትከሻህን አቅና! ስፌቱ ይታይ!» ይሉኛል ወይዘሮዋ በካሜራው እያነጣጠሩ። አንድ ጎረቤት በመኪናው ሲያልፍ እንደ ወትሮው አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አንሥቶ ሰላም አለን። እኔም በጥፍሬ መለስኩለት። ልብሱ ውስጥ ይሞቃል፤ ማንም አያየኝም፤ እስኪመሽ ብቆም ግድ አልነበረኝም።

ወይዘሮ አርዲስ ፎቶውን ካሜራው ላይ ብዙ አዩት። «መጥፎ አይደለም» አሉ። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና እኛ አገር የለም። ገብተው የምግቡን ትሪ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ፈረሙ። የተረፈውን ምግብ ቋጥረው ሲሰጡኝ ሁለቴ እንቢ አልኩ፤ ሦስተኛው ላይ ተቀበልኩ።

ስድስተኛው ሣጥን በኤፕሪል ወጣ። ፎቶው ገጽ ሰባት ላይ አለ፤ ከሥሩ «ስፌት፦ አርዲስ ሃውገን። ዚፑ ከኋላ ነው» ይላል። ወይዘሮ አርዲስ አሥራ አራት ሣጥን አዘዙና ለቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች አንዳንድ አደሏቸው።