የበዛብሽ እጅ

ሠዓሊው አለቃ አካለ ወልድ ከቢቸና እስከ ሞጣ ስማቸው የታወቀ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ግን ለቤተ ክርስቲያን የሚሣለውን በብራና ላይ አስቀድማ የምትነድፈው ልጃቸው በዛብሽ ሆነች። እሳቸው ታሪኩን ይነግሯታል፤ እሷ በመቃ ብርዕ ታወርደዋለች፤ ደቀ መዛሙርቱ ያንን እያዩ ሸራ ላይ ይሥላሉ። ሴት የነደፈችውን ካህናቱ አይቀበሉም ብለው አለቃ ስለ ፈሩ ነገሩ ከቤት አልወጣም።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. አቶ መንግስቴ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። የሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ንድፎችንና የታተሙ ሥዕሎችን ይሰበስብ ነበር፤ ሞጣ ቤተ ክርስቲያን ያየው ሥዕል ነው ወደ አለቃ ቤት የመራው። የሞጣው ደብር አስተዳዳሪ መምሬ ሣህለ ማርያምም አብረውት ነበሩ።

በዛብሽ ብራናዎቹን መደቡ ላይ ዘረጋችላቸው። መንግስቴ አንዱን አንሥቶ ወደ በሩ ተጠጋ። ድንግል ማርያም ወደ ግብፅ ስትሰደድ ነው፤ አህያይቱ ዳገት ላይ ደክማ ዮሴፍ ከኋላ ይገፋታል። እንዲህ ያለ እጅ አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ በአለቃ ስም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንዲቀመጥ ለመናቸው።

በዛብሽ አቀረቀረች። አለቃ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«የኔ እጅ አይደለም» አሉ። «በዛብሽ አካለ ወልድ ብለህ ጻፍ።»

መምሬ ሣህለ ማርያም ደንግጠው የደብራቸውስ ሥዕል የማን እንደሆነ ጠየቁ። አለቃም ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የተሠራው ሁሉ የልጃቸው ንድፍ መሆኑን ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። መምሬ ብራናውን ተቀብለው ብዙ ተመለከቱት።

«በሥዕሏ ፊት ስጸልይ ኖሬአለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ምን ብዬ እከለክላለሁ?»

በተከታዩ ዓመት አባትና ልጅ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ሥዕሎች ከመስታወት በታች ተደርድረዋል። የበዛብሽ ብራና በመካከላቸው ነበር። አለቃ ከሥሩ የተጻፈውን እንድታነብላቸው አዘዟት፤ አነበበች። እሳቸውም አጠገባቸው ወደ ቆሙት ተማሪዎች ዞረው፣ «የሣለችው ይህች ናት፤ ልጄ ናት» አሉ።

ተማሪዎቹ ከበቧት። መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ ቀለሙን እንዴት እንደምትበጠብጥ ሲጠይቋት ግን አፏ ተፈታ። አህያይቱ ሞጣ ገበያ የምትወርደው የጎረቤታቸው አህያ መሆኗን ስትነግራቸው ሁሉም ሳቁ።

አባትና ልጅ ወደ ቤት እንደተመለሱ መምሬ ሣህለ ማርያም ለደብራቸው የሚሣል አዲስ ሥራ ይዘው መጡ። የዚያን ጊዜ በዛብሽ ንድፉን ለሌላ ሰው አልሰጠችም፤ ሸራው ፊት ራሷ ቆማ ሣለችው።