እርጥብ አሸዋ

ብሩክታይት በጣሳ የያዘችውን ውሃ በሁለቱ ማሰሮዎች መካከል ባለው አሸዋ ላይ ዙሪያውን በቀስታ አፈሰሰችና አሸዋው ጠጥቶ እስኪጠቁር ጠበቀች። ትልቁን ማሰሮና በውስጡ የተቀመጠውን ትንሹን ከገበያ መርጠው፣ አሸዋውን ከወንዝ አስመጥተውና አጥበው ይህን ማቀዝቀዣ የሠሩላት ታላቅ ወንድሟ መምህር ሀብተ ሥላሴ ነበሩ። ከጣሊያን በጡረታ ተመልሳ ቢቸና እሳቸው ቤት ከገባች ወዲህ የስኳር መድኃኒቷ የሚቀመጠው እዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፤ እሷ ግን ውሃ ታጠጣለች።

እርጥቡን ጨርቅ አንስታ የውስጠኛውን ማሰሮ ከፈተች። ባዶ ነበር።

እጇን ከትታ ዳሰሰች። ቅዝቃዜው ብቻ ነበር።

"አያ!" ብላ ተጣራች።

ወዲያው የግቢው በር ተንቋቋና መምህር ሀብተ ሥላሴ ገቡ። ዓይናቸው ደክሞ ቅኔ ማስተማር ካቆሙ ቆይተዋል፤ መንገዱን የሚያዩት በከዘራቸው ነው። ዛሬ ግን ከዘራውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉትን ነገር በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር።

"ደነገጥሽ አይደል? አይዞሽ፣ አልተሰረቅሽም" አሉ እየሳቁ። "ትናንት አንቺ ማኅበር ሄደሽ ሳለ መብራት መጣ። እኔም እፀገነት ግሮሰሪ በረርኩ።"

"ፍሪጇ ውስጥ አስቀመጡት?"

"ፍሪጅማ ተራ ነው! ላይኛው ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ፤ በረዶ የሚሠራበት። እሷ ታች ከቢራው ጋር ላድርገው ብትል፣ 'የእህቴ መድኃኒት ከቢራ ጋር አያድርም፤ ከሁሉ የሚቀዘቅዘውን ቦታ ስጪኝ' አልኳት።"

ብሩክታይት ጥቅልሉን ተቀበለች። እስክሪብቶ የሚመስሉት መርፌዎች እንደ ድንጋይ ደርቀው፣ ላያቸው ላይ ነጭ ውርጭ ለብሰው ነበር። ቦሎኛ ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀችው የሰው እናትና አባት ስታስታምም ነው። ገና ሥራ ስትጀምር የተነገራት ነገር፣ ይህ መድኃኒት ሙቀት እንደሚጎዳው ሁሉ በረዶም እንደሚገድለው ነበር። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይመለስም።

"ቀዘቀዘ?" አሉ መምህር።

ጣቶቻቸውን አየች። ከእፀገነት ግሮሰሪ እስከዚህ ሲይዙት ደንዝዘው ነጥተዋል፤ እርስ በርስ እያሻሿቸው መልሷን ይጠብቃሉ።

"ቀዝቅዟል አያ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ዕድሜው ጨመረ በይኛ!"

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ማሰሮው ውስጥ ደረደረች፤ አንዱን ግን እሳቸው ሳያዩ እጅጌዋ ውስጥ አስቀረች።

ያላት መጠባበቂያ ይህ ብቻ ነበር። ጓደኛዋ ውበቴ ከቦሎኛ በሰው እጅ የላከችው አዲስ አበባ ደርሷል፤ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከደጀን ወዲህ የሚያደርስ ሰው ግን አልተገኘም። በረዶ ያልነካት የቦርሳዋ ውስጥ ጅምር መርፌ ብቻ ናት። እሷ ካለቀች ብሩክታይትም አብራ ማለቅ ትጀምራለች።

"ሞጣ መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ" አለች። "የመርፌ ጫፍ አልቆብኛል።"

"አብዱልዋሂድን ሰላም በይልኝ። አባቱ ያመጡልኝ የነበረውን የጥምጥም ጨርቅ የመሰለ ዛሬ የለም በይው። ይናደድ ትንሽ።"

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን ሲያልፍ እጅጌዋ ረጠበ። መርፌዋን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻት። ቀልጣለች፤ ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ ውስጥ ግን ቀጫጭን ነጭ ክሮች ይዋኛሉ። ከጣሊያን ስትነሳ ሐኪሟ የጠየቃት ትዝ አላት። "እዚያ ይህን መድኃኒት ማን ይጠብቅልሻል?" ነበር ያላት። እሷም ሳታመነታ "ወንድሜ" ብላ መለሰች።

አብዱልዋሂድ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆሞ መደርደሪያ ይወለውል ነበር። አግዳሚው ላይ አንዲት ከሲታ ወጣት ሴት እግሯን አቧራ እንደሸፈነው ተቀምጣለች።

"ኧረ እትዬ ብሩክታይት! ቢቸና ሰላም ነው? መምህርስ?"

"ደህና ናቸው፤ ጨርቅህ የአባትህን አያህልም ብለውሃል።"

"እኔ ክኒን እንጂ ጨርቅ አልሸጥ! አሁንም አልተውኝም?"

"እስቲ ይህን እይልኝ።"

አብዱልዋሂድ መርፌዋን ወደ መብራቱ አንስቶ አዘነበላት። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"በረዶ መትቶታል።"

"አውቃለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

"እንግዲያስ ይስሙት፤ ይህ ከእንግዲህ ውሃ ነው። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"የሚወደኝ ሰው።"

አብዱልዋሂድ ወደ ጓዳ ገብቶ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዞ ተመለሰና ባንኮኒው ላይ አስቀመጣት።

"ያለችኝ ይህች ብቻ ናት። ያዘዝኩት መንገድ ላይ ነው ይሉኛል፤ የቱ መንገድ ላይ እንደሆነ ግን አይነግሩኝም።" በአገጩ ወደ አግዳሚው አመለከተ። "ሰብለ ወንጌል ቀድማ መጥታለች፤ የእሷም ስኳር ነው። እርስዎ ደግሞ..." ብሎ ተወው። ከዚያ፣ "ስኳር ገበያ ላይ ተወዶ እኛ ደም ውስጥ ረከሰ መቼስ" አለ።

ሰብለ ወንጌል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ዓይኗ ግን ከብልቃጧ ላይ አልተነሳም።

ብሩክታይት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። "ከየት ነው የመጣሽ ልጄ?"

"ከደብረ ወርቅ ማዶ ነው፤ ከገጠር።"

"መድኃኒትሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?"

"እንስራው ሥር ጉድጓድ አለ። ባሌ ነው የቆፈረልኝ።"

"ይቀዘቅዛል?"

"እንጃ። እስካሁን አለሁ።"

"እዚህ ያጣሽው እንደሆነስ ወዴት ትሄጃለሽ?"

ልጅቱ ጥያቄው ግራ እንደገባት ሁሉ ቀና ብላ አየቻት። "ወዴት እሄዳለሁ እማማ?"

ብሩክታይት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ቦሎኛን አሰበች። ውበቴ ቤት ለእሷ የሚዘረጋ አልጋ አለ። ከዚያ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት አለ፤ ስሟን ስትናገር ከፍሪጅ አውጥተው ይሰጧታል። እዚያ ሆና ስትናፍቀው የኖረችው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ በማለዳ የወንድሟ ጸሎት በግድግዳው በኩል ሲሰማት መንቃት፣ ምሳ ሲበሉ ሽሮው ጨው በዛው አልበዛው ብሎ መከራከር፣ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ሌላው ዓይኑን መክደኑ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ መምህር ያላቸው እሷ፣ እሷም ያሏት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንዴ ከሄደች፣ በእሳቸው ዕድሜና በእሷ ሕመም፣ ዳግም መገናኘታቸውን የሚያውቅ የለም።

ተነስታ ብልቃጧን በጣቷ ጫፍ ወደ ልጅቱ በኩል ገፋ አደረገቻት።

"ቀድማ መጥታለች" አለች።

"እርስዎስ እትዬ?" አለ አብዱልዋሂድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እኔ የምሄድበት አለኝ።"

መናኸሪያው ደጃፍ ቆማ ውበቴ ዘንድ ደወለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ሁለቴ ደገመችላት። "ቲኬት ቁረጪልኝ። የቅርቡን። አይ፣ አልታመምኩም።"

ቢቸና ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መምህር ሀብተ ሥላሴ በረንዳው ላይ ከማሰሮው አጠገብ ተቀምጠው አሸዋውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር።

"ቀን ሁለቴ አጠጣሁት" አሉ። "መብራቱ ተመልሶ ሄደ፤ የእኛ ፍሪጅ ግን አለ። አብዱልዋሂድ ተናደደ?"

"በጣም።"

"እሰይ።"

አጠገባቸው ተቀመጠች። ሞጣ ላይ ያሰበችውን፣ መኪና ውስጥ ደጋግማ የተለማመደችውን ነገር ተናገረች። "አያ፣ የጡረታው መሥሪያ ቤት በሕይወት መኖሬን በአካል ቀርቤ እንዳሳይ ይፈልጋል። ደርሼ መምጣቴ ነው።"

"ምን? እኔ እዚህ አለች፣ ትተነፍሳለች፣ በሽሮ ጨው ትጨቃጨቃለች ብዬ ብጽፍላቸውስ?"

"የእርስዎን ግዕዝ ማን ይፈታላቸዋል?"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ መምህር ከዘራቸውን ፈልገው ያዙና ጫፉን መሬት ላይ አሽከረከሩት።

"መቼ ትመለሻለሽ?"

"ክረምቱ ሳይገባ።"

"ክረምቱ ሳይገባ" አሉ እሳቸውም፣ ለራሳቸው። ቆይተው፣ "መድኃኒቱን ይዘሽው ትሄጃለሽ?" አሉ።

"እዚያ አለልኝ። ይቀመጥ።"

"እንግዲያስ አላደርቅብሽም። ጧትና ማታ አጠጣዋለሁ፤ ስትመጪ እንደ ቀዘቀዘ ታገኚዋለሽ።"

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የደነዘዙትን ነጭ ጣቶች አስታወሰችና ዋጠችው። በቀሩት ዘመኖቻቸው እነዚያ እጆች ውሃ ያጠጡ እንጂ ያንን የበረዶ ሌሊት እንደ በደል አይቁጠሩ።

"ለማንም ሰው እንዳይሰጡብኝ ብቻ" አለች። "የጠየቀም ቢመጣ። ለእኔ ብቻ ነው የሚሆነው።"

"በመቃብሬ ላይ" አሉ መምህር።

ተነሳች። ማሰሮውን ከፍታ ከሞጣ የመለሰቻትን መርፌ ከጓደኞቿ ጋር አስተኛቻት። ጨርቁን ነክራ ጨምቃ አለበሰችው። ከዚያ ጣሳዋን ሞልታ ውሃውን ዙሪያውን በቀስታ አፈሰሰች፤ አሸዋው ጠጥቶ እስኪጠቁር ጠበቀች፤ መምህርም የውሃውን ድምፅ አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ሲያበቃ ጣሳዋን አራገፈችና፣ እሳቸው በዳሰሳ እንዲያገኟት፣ ከማሰሮው በስተቀኝ ደፍታ አስቀመጠቻት።